ወድቄ ነው፣ ሲስተር

አምቦ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ውድ ጃለኔ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ኡርጌ ናት፤ ያቺ ድንች ነጋዴዋ፣ ከጎጆ ከተማ እስከ ካቺሲ አንድ ገበያ የማያመልጣት። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ አንቺ «አከም ጅርታ» ብለሽ ሰላም ስትዪኝ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ አንቺው ታጽናኚኛለሽ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ወገብሽ ሕመም አውርተን ዘጋን። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ብቻሽን ብትሆኚ ይሻላል፤ የምደብቀው ኖሮኝ ሳይሆን ሰው ፊትሽን እያየ እንድታነቢው ስላልፈለግሁ ነው።

የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎች ካቺሲ ድረስ ይመጡብሻል። የሚመሯቸው ኦቦ ዋቅጋሪ ናቸው። ኤጄታ በአመክሮ ሊፈታ ነው፣ ከጥምቀት በፊት ይወጣል ተብሏል። ሰፈሩ ከመመለሱ በፊት በልጅሽ ደም ላይ እርቅ እንዲወርድ ይፈልጋሉ። እኔንም ከሴቶቹ ወገን ሆኜ አብሬ እንድሄድ ጠየቁኝ። «ጓደኛዋ ነሽ፤ ሀደ ቀነዓ አንቺን ስታይ ልቧ ይራራል» አሉኝ። እስከ ዛሬ የቀነዓ እናት ብለው ነው የሚጠሩሽ። እሺ ብዬ ቦርሳዬን ከቁም ሳጥን አናት አውርጄ ነበር። ከዚያ እዚያ ደርሰው የሚሉሽን ነገር ነገሩኝ። «ልጁ ልማድ የለውም፣ የአንድ ቀን ሰይጣን ነው እንላታለን» አሉ።

ጃለኔ፣ ይሄ እውነት አይደለም። እሳቸው አያውቁም ነበር፤ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እርቁን እሺ ከማለትሽም፣ እምቢ ከማለትሽም በፊት እኔ የማውቀውን እንድታውቂው ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የተገናኘንበትን ቀን ታስታውሻለሽ? በ2006 ነው፣ የካቲት ውስጥ። አንቺ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምሪያለሽ፣ እኔ ጤና ጣቢያ ድሬሲንግ ክፍል ቁስል አጥባለሁ። ሁለት ልጆች በጆሯቸው ይዘሽ መጣሽ። አንዱ አፍንጫው ይደማል፣ ሌላው የወለቀች ጥርሱን ለእናቱ ሊያሳይ ኪሱ ውስጥ ይዟታል። ያንቺም ጣቶች ቀይ ነበሩ። እኔ ደም መስሎኝ እጅሽን ይዤ ማጠብ ጀመርኩ። «የእስክሪብቶ ቀለም ነው፣ ፈተና ሳርም ነው የጠሩኝ» አልሽ። «ታዲያ ከነዚህ ይልቅ ያስደማሽው አንቺ ነሽ» አልኩሽ። በዚያው ሳምንት ቤትሽ ጠርተሽኝ ቀነዓን አየሁት፤ አሥር ዓመቱ ነበር፣ «አዳዳ» ብሎ የአባቱ እኅት አደረገኝ፣ እኔም ሆንኩለት።

ያኔ ፀብ ረጅም ነበር። መጀመሪያ ስድብ አለ፣ ከዚያ «ያዙኝ ልቀቁኝ» አለ፣ ጃኬት አውልቆ ለጓደኛ ማስያዝ አለ፣ ገላጋይ እስኪመጣ ድረስ መፋጠጥ አለ። ግማሹ ልጅ ገላጋይ ቶሎ እንዲደርስለት እየጸለየ ነው የሚደባደበው። ቢበዛ የተፈነከተ ግንባር ይመጣልኛል። ሦስት ስፌት ሰፍቼ፣ ቆንጥጬ እሸኘዋለሁ። መዝገቡ ላይ «የጉዳቱ ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ፣ እዚያ «ፀብ» ብዬ እጽፋለሁ። በሳምንት አምስት ስድስት ጊዜ የምጽፍበት ወቅት ነበር፣ በተለይ የትምህርት ቤቶች ኳስ ውድድር ሰሞን።

«ወድቆ» ብዬ መጻፍ የጀመርኩት በ2009 ነው። የሁለት ጎረቤታሞች ልጆች ተደባድበው የአንዱ ክንድ ተሰበረ። ፖሊስ የኔን መዝገብ አይቶ ክስ ተከፈተ። ልጆቹ በሳምንቱ አብረው ኳስ ይጫወታሉ፣ አባቶቻቸው ግን ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። በዚያ ሰሞን ኦቦ ዋቅጋሪ ክፍሌ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ወርቂቱ ልጄ፣ አንቺ ፀብ ብለሽ ስትጽፊ ነገሩ ፖሊስ ጋ ይሄዳል። ፖሊስ ጋ የሄደ ነገር ቂም ይሆናል። እኛ በጃርሱማ እንጨርሰዋለን፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አጥፊው ይቅርታ ይጠይቃል፣ አብረው ይበላሉ። አንቺ ወድቆ ነው በይልን።»

«ኦቦ፣ ትናንት የመጣው ልጅ እኮ ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አለው» አልኳቸው።

«ጥርስ ያለው ድንጋይ ላይ ወድቆ ነዋ» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔም ጻፍኩ።

ጃርሱማ ስንቱን ቤት ከመፍረስ እንዳዳነ አንቺም ታውቂያለሽ። አሁንም አላቃልለውም። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ብዬ ነበር። ደግሞ ልንገርሽ፣ ኮርቼም ነበር፤ ሽማግሌ ክፍሉ ድረስ መጥቶ ምክር የሚጠይቀው ስንት ነርስ አለ? ከጊዜ በኋላ ልጆቹን ማስጠናት እንኳ አላስፈለገም። ሸሚዙ ደም ጠጥቶ፣ የቀበቶ ዘለበት ግንባሩ ላይ ታትሞ፣ ገና በሩ ላይ ሆኖ «ወድቄ ነው፣ ሲስተር» ይለኛል። አንቺም ሰምተሽ «የአምቦ ልጅ ምነው ቁልቁለት በዛበት» ብለሽ ስቀሻል። ይህን ያነሳሁት ሸክሙን ላጋራሽ ብዬ አይደለም። አንቺ ሰምተሽ ሳቅሽ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከ2010 ወዲህ እጄ የሚያውቀው ነገር ተለወጠ። ቁጥሩ ቀነሰ፤ በሳምንት አምስት የነበረው በወር አምስት ሆነ፣ አለቃችንም በሪፖርቱ ደስ አላቸው። ስፌቱ ግን ጨመረ። ሦስት የነበረው ሰባት ሆነ፣ ሰባቱ አሥራ አንድ ሆነ። ቁስሉ ቦታ ቀየረ። ድሮ ግንባርና ጉንጭ ላይ ነበር፣ የመታው ልጅ ፊት ለፊት ቆሟል ማለት ነው። አሁን ጎን፣ ጭን፣ ጀርባ ሆነ። ስድቡም ቀረ፣ ጃኬት ማስያዙም ቀረ፣ ገላጋይ ከመድረሱ በፊት ያልቃል። ልጆቹ ሴንጢ ከስልካቸው ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ይዘው መዞር ጀመሩ። አንዱን ለምን ትይዛለህ ብለው «እነሱም ይይዛሉ ብዬ ነው፣ ሲስተር» አለኝ። «እነሱ» ካላቸው ልጆች አንዱን በፊተኛው ሳምንት ሰፍቼው ነበር፤ እሱም ይህንኑ ነው ያለኝ።

ሰው ዘመኑን ይረግማል። ዘመኑ ያመጣው ቁስል ሌላ ነው፣ እሱንም አጥቤያለሁ፣ አሁን ስለሱ አልጽፍልሽም። እኔ የምልሽ በስልክ፣ በሴት ልጅ፣ በኳስ ቡድን፣ አንዳንዴም «ምን ታፈጣለህ» በሚል አንድ ቃል የመጣውን ነው።

አሁን ወደ ኤጄታ ልምጣ።

በ2011 ሰኔ ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያ የመጣ አንድ የጉደር ልጅ ክንዱ ተተልትሎ መጣ። ሰባት ስፌት። ወድቄ ነው አለ። አብሮት የመጣው ዘመዱ ግን ኤጄታ የሚባል የሰፈራችን ልጅ እንደቆረጠው ነገረኝ። ሽማግሌዎች ከጉደር መጡ፣ ታረቁ። «ልጅ ነው፣ የመጀመሪያው ነው» ተባለ፤ እውነትም የመጀመሪያው ነበር። እኔ «ወድቆ» ብዬ ጻፍኩ።

በ2012 ጥር ሁለተኛው መጣ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ የሚኖር ልጅ። ጭኑን ነው የተወጋው፣ አሥራ አንድ ስፌት። ያመጣው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ራሱ ኤጄታ። የገዛ ጃኬቱን ቁስሉ ላይ አፍኖ፣ ባጃጅ ውስጥ አቅፎት፣ እያለቀሰ። «ምንድነው ይሄ?» አልኩት። «ወድቆ ነው፣ ሲስተር» አለኝ። ሻይ ስኳር አብዝቼ አጠጣሁት። የዚህኛው እርቅ ሽማግሌዎች ደግሞ የማዶ ሰዎች ነበሩ። እነሱም «ልማድ የለውም፣ የመጀመሪያው ነው» ብለው አስታረቁ።

አየሽ፣ የታረቀ ነገር ተመልሶ አይነሣም። ደንባችን ነው። የጉደሮቹ ሽማግሌዎች ለማዶዎቹ አልተናገሩም፣ የማዶዎቹ ለኦቦ ዋቅጋሪ አልተናገሩም፣ መናገርም ነውር ነው። ሁሉም በቅን ልብ ለአንድ ልጅ ሁለቴ የመጀመሪያውን ምሕረት ሰጡት። ሁለቱ ነገሮች ሊገናኙ የሚችሉበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የኔ መዝገብ። እዚያ ደግሞ ሁለት ልጆች ወድቀዋል።

ያን ሳምንት ቤትሽ መጥቼ ነበር። ቀነዓና ኤጄታ አንድ ክፍል እንደሚማሩ አውቃለሁ፤ ቀነዓ ደብተር ዘርግቶ ከጎናችን ተቀምጧል። ላወራሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ምን ሆነሻል ዛሬ?» አልሽኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኩሽ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ነቀዘ፣ ጃለኔ።

ጥቅምት 2013ን አንቺ ከፍርድ ቤት ነው የሰማሽው፣ ከኔ ሰምተሽው አታውቂም። ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም። ቀነዓ በእግሩ ነው የገባው። ሁለት ጓደኞቹ ይዘውታል፣ ግን ራሱ ነው የተራመደው፣ አልጋው ላይም ራሱ ወጣ። ከኤጄታ ጋር በስልክ ቻርጀር ነበር የተጣሉት፤ ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። ቁስሉ ጎኑ ላይ ነበር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፣ ደሙም ብዙ አልነበረም። ምን ሆንክ ልለው ስል አየኝና «ወድቄ ነው፣ ሲስተር» አለኝ።

ሰባት ዓመት አዳዳ ያለኝ ልጅ ያን ቀን ሲስተር አለኝ። ሁሉም ልጅ እንደሚለኝ። ከዚያ ዝቅ ብሎ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለ።

እጄ ደግሞ ዓይኔን አልጠበቀም። መዝገቡ ክፍት ነበር፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ «ወድቆ» የሚለውን ጻፍኩ። የስፌት ዕቃ አወጣሁ፣ ጓንት አጠለቅሁ፣ ልብሱን ከፍ አድርጌ ሆዱን ስነካው እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ደሙ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው። የከንፈሩን መንጣትም ያኔ ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በትክክል አደረግሁ፤ አምቡላንስ ጠራሁ፣ የሪፈር ወረቀቱ ላይ «በስለት ተወግቶ» ብዬ ጻፍኩ፣ እጁን ይዤ እስከ ሆስፒታል ሄድኩ። ኦፕሬሽን ክፍል ሳይገባ አረፈ። ያ «ወድቆ» የሚለው ቃል ስንት ደቂቃ እንደወሰደብኝ አላውቅም። አምስት ይሁን አሥር። ሐኪሙ ለውጥ አያመጣም ነበር ብለውኛል። ሐኪም ለነርስ እንደዚያ ይላል።

ኤጄታ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፣ ፍርዱን ስትሰሚ አጠገብሽ ነበርኩ። ስለ ጉደሩና ስለ ማዶው ልጅ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። አንቺ ቤትሽን ዘግተሽ ካቺሲ ወንድምሽ ጋ ስትሄጂ ዕቃሽን ያሰርኩልሽ እኔ ነኝ፣ ያኔም አልተናገርኩም።

ታዲያ አሁን ምን አናገረሽ ትዪኛለሽ። ባለፈው ጥቅምት ያሕያ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ፤ አባቱ ከደቡብ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ፣ ጨዋ ልጅ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ወጣቶች ጉዳት ነው። የአሥር ዓመት መዝገብ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ገለበጠ። ሲጨርስ ደስ ብሎት ክፍሌ መጣ።

«ሲስተር፣ የሚገርም ነገር አገኘሁ። እዚህ አካባቢ የወጣቶች ፀብ ከ2010 ወዲህ የለም ማለት ይቻላል» አለኝ።

«እንዴት ያለ የተባረከ አገር ነው» አልኩት።

«ግን ይወድቃሉ። ከአሥራ አራት እስከ ሃያ ዓመት ያሉ ወንዶች፣ ቅዳሜ ቅዳሜና ከኳስ በኋላ። የሚወድቁትም ስለታም ነገር ላይ ነው። የመንገድ ቦዮች ክዳን እንዲሠራላቸው ምክረ ሐሳብ ልጽፍ ነው።»

ሳቅሁ ጃለኔ፣ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ልጁ ተቀየመ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝና ወንበር አቀረበልኝ። «ምኑን ተሳሳትኩ?» አለኝ በቀስታ። በሩን ዘግቼ ነገርኩት። ሦስት ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን፣ ገጽ በገጽ። በስለት የተጎዱ ስልሳ አንድ ልጆች። እያንዳንዱን አስታውሰዋለሁ፤ ልብስ ሰፊ የገዛ ስፌቱን እንደማይስተው ነው። መዝገቡን አልደለዝነውም፣ በሌላ ወረቀት እውነቱን ጽፌ ፈረምኩበት። ለአለቃችንም ወስጄ ሰጠኋቸው። «ጡረታሽ ስድስት ወር ሲቀረው ምን ነካሽ?» አሉኝ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ደረሰኝ። ይገባኛል።

የ2013 ገጽ ላይ ስንደርስ ያሕያ ጣቱን የቀነዓ ስም ላይ አድርጎ «ይሄኛውስ?» አለኝ። እሱን ተወው አልኩት።

ከዚያ እስር ቤት ሄጄ ኤጄታን አየሁት። ጢም አብቅሏል፣ ትከሻዎቹ ቀጥነዋል። «ለቀነዓ እናት ልነግራት ነው» አልኩት። «እኔ ራሴ ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ሌላውን ሳይሰሙኝ ስለዚያ ቀን ብቻ ይበቃል አሉኝ» አለ። ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ «መጀመሪያ ከጉደሩ ልጅ ጋር ያስታረቁን ጊዜ ሁሉም ደስ አለው። እኔ ብቻ ፈርቼ ነበር። ሴንጢው የት አለ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ያኔም ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሲስተር።» ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚለት አይደለም። እሱ ያለውን እንደ ነበረ ላድርስ ብዬ ነው።

ኦቦ ዋቅጋሪም ጋ ሄድኩ። የታረቀ ነገር አነሳሁባቸው፣ በሽምግልና ደንብ ነውረኛ ነኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አርጅተዋል። «ወድቆ ነው በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳቸው። በመጨረሻ «እንግዲያው ሦስቱንም ይዘን ነው የምንሄደው። ልማድ የለውም የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ደብዳቤሽ ይቅደመን» አሉ። ስለዚህ ይኸው ቀደመ።

ታረቂ አልልሽም፣ አትታረቂ አልልሽም። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም፤ የውሸት ይቅርታ ከምትሰጪ የእውነት ቁጣ ይሻልሻል። እኔንም ከኤጄታ ጋር አንድ ቦታ ብታስቀምጪኝ አልከራከርም። እሑድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ እመጣለሁ። አጥርሽ ውጪ እቆማለሁ እንጂ ሳትጠሪኝ አልገባም። ካልጠራሽኝ ከኡርጌ ጋር በአይሱዙ እመለሳለሁ፣ አልቀየምም።

ፖስታው ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ታገኚያለሽ። የመዝገቡ ቅጂ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ፣ በኔ እጅ ጽሑፍ። ቀነዓ፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣ ወንድ፣ የጉዳቱ ምክንያት ወድቆ። ስልሳውን አርሜ ይሄን አንዱን አልነካሁትም። ማረም ያንቺ ሥራ ነበር፣ እጅሽም ቀይ ሆኖ ነው ያወቅሁሽ። ቀይ እስክሪብቶም አብሬ ልኬያለሁ፤ ዓምዱ ጠባብ ነው፣ ካልበቃሽ ጀርባው ባዶ ነው። የጻፍሽውን እሑድ በአጥሩ በኩል ብታቀብዪኝ፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይዤው ተመልሼ ከስልሳው ጋር አስገባዋለሁ።

ልጅሽ ሰባት ዓመት አዳዳ ብሎ፣ በመጨረሻው ቀን ሲስተር ያለኝ፣

ወርቂቱ